ስተኛ ይጨንቀኛል ስትይ

እምዬ የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ ልልሽ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከተለየሽን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ሦስቱንም ዓመት ስላንቺ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ ላንቺ ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩም። በዚህ ገጽ የሰው ሠርግ፣ የሰው ኩርፊያ፣ የምራትና የአማት ጉድ ሳወራ የለመዱኝ አንባቢዎቼ ዛሬ ይታገሱኝ፤ የማወራው ከእናቴ ጋር ነው። ጆሯቸውን ጣል ቢያደርጉም ግድ የለኝም። አንቺም ብትሆኚ ጨዋታ የሚጥምሽ ሰው ሲበዛ ነበር።

እስቲ በቤቱ ወሬ ልጀምር። ሰፈራችን ክፋር ግቢሮል እንዳለ ነው። ከታች ያለችው ስንዱ ልጇን ዳረች። ሙሽራዋ የሞሮኮ ልጅ ናት። ስንዱ መጀመሪያ ሳምንቱን ሙሉ ተከናንባ ተኝታ «ሞቼልሃለሁ» ስትለው ሰነበተች፤ አሁን ግን ከምራቷ ጋር አንድ ሆነው ልጇን አብረው ያሙታል። አማችሽ፣ ባሌ፣ ዛሬም ቂርያት ቫይዝማን የምርምር ማዕከል በር ላይ ጥበቃ ነው፤ ተመራማሪዎቹን ሁሉ በስም ያውቃቸዋል፣ ምን እንደሚመራመሩ ግን የአንዱንም አያውቅም። እኅትሽ አሁንም ጎንደር ሆና የመግቢያ ፈቃድ ትጠብቃለች። ለሕንፃችን ደግሞ ሊፍት ገባለት። አዎ፣ ሊፍት! ሥራ የጀመረ ዕለት ጎረቤቱ ሲያጨበጭብ እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ትልቁ ወሬ የልጄ የኦሪት ነው። ያሳደግሻት የልጅ ልጅሽ ወታደርነቷን ጨርሳ ነርስነት ትማራለች፤ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። እሰይ በይ። ግን እምዬ፣ ዘንድሮ ትምህርቱን ጥላው ነበር። የጣለችውም ባንቺ ምክንያት ነው።

ከያዙት ትምህርት ዋናው፣ በሽታ የጤነኛውን አካል ሥራ እንዴት እንደሚያናጋ የሚያስረዳው ነው። መምህርቷ ኃይለኛ ሴት ናቸው አሉ። «መጀመሪያ ጤነኛውን እወቁ፤ ከዚያ የቱ ጋ እንደተበላሸ ጠይቁ፤ ከዚያ ደግሞ አካሉ የተበላሸውን ልደጉም ብሎ ምን እንዳደረገ ጠይቁ፤ ይኼን ካወቃችሁ በሽተኛው የሚላችሁ ሁሉ ይገባችኋል» ይላሉ። ኦሪት በዕብራይስጥ ታነብና ለእኔ በአማርኛ ታስረዳኛለች። ወደፊት ሽማግሌዎቻችንን ማከሟ አይቀርምና ቃሉን ካሁኑ ልለማመድ ብላ ነው። እኔም ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማታለሁ። ስኳር ምን እንደሚያደርግ፣ ደም ግፊት ምን እንደሚያደርግ፣ ሁሉንም አውቄልሻለሁ። ለጎረቤት እስከ ማስተማር ደርሼ ስንዱ «ደግሞ አንቺ ከመቼ ወዲህ ዶክተር ሆንሽ?» ብላኛለች።

አንድ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ኦሪት ስለ ልብ ድካም ታነባለች። ልብ ደምን ወደ ሰውነት ሁሉ የሚገፋ ነው፤ ሲደክም የሚገፋው ያንሳል አለችኝ። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲቀንስ፣ ልብ ደከመ ብሎ አይጠረጥርም፤ ሰውዬው ውሃ ጎደለው ብሎ ያስባል። እናም ልርዳው ብሎ ጨዉንና ውሃውን ይዞ ያስቀራል። ውሃው በበዛ ቁጥር የደከመው ልብ ሸክሙ ይብስበታል። የተረፈው ውሃ ቀን ቀን እግር ላይ ይወርዳል፤ ሰውዬው ጋደም ሲል ደግሞ ወደ ደረት ተመልሶ ሳንባ ይገባል። የሚቀጥለውን መስመር በዕብራይስጥ አነበበችና «እንግዲህ በሽተኛው ሲተኛ…» አለች። ቃል ፈለገች። «ሲተኛ… ሲተኛ…» አለችና ቃሉ ሲመጣላት ባንቺ ድምፅ መጣ፦ «ሲተኛ ይጨንቀዋል።»

መጽሐፉን ዘጋችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

ትዝ ይልሻል፣ በዚያ ዝናብ በበዛበት ክረምት «ስተኛ ይጨንቀኛል» ማለት ጀመርሽ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ኦሪት ከጦሩ ፈቃድ ወጥታ ስለነበር በወታደር ልብሷ ክሊኒክ ወሰደችሽ። አንቺ «ስተኛ ይጨንቀኛል በያት» አልሻት። እሷም ለሐኪሟ በጥሩ ዕብራይስጥ፣ አያቴ ስትተኛ ጭንቀት ይይዛታል አለች። ሐኪሟ ምን እንደሚያስጨንቅሽ አስጠየቀችሽ። አንቺ ደግሞ የተጠየቅሽውን መለስሽ፤ ጎንደር የቀረችው እኅትሽ ናት የምታስጨንቅሽ። ሐኪሟ ራሷ ከሩሲያ የመጣች ናት፤ የእሷም እናት እኅቷን ትታ እንደመጣች፣ እንቅልፍም እንደሌላት ነገረቻችሁ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሦስታችሁም ተላቅሳችሁ ነው የተለያያችሁት። ኦሪት ያን ቀን ማታ ስታጫውተኝ «እንዴት ያለች ደግ ሐኪም መሰለችሽ» አለችኝ። ይዛችሁ የመጣችሁት የሚያረጋጋ ኪኒን ነው።

ማንም አልተቆጣሽም፣ ማንም አላመናጨቀሽም። ሁሉም ወዶሽ ነበር። እኔን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።

ሌላውም ነገር ሁሉ ዓይናችን ሥር ነበር እኮ። አልጋሽን ትተሽ ሳሎን ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ታንቀላፊ ጀመር፤ እኛ «የቱርክ ፊልሟን ትታ የት ትሄዳለች» ብለን ሳቅንብሽ። ከሹክ፣ ከገበያው፣ ስትመለሺ በየፎቁ ቆመሽ ከጎረቤት ታወሪያለሽ፤ እኔ «ወሬ መውደዴን ከማን እንደወረስኩት ታወቀ» እያልኩ ስቀልድ አንቺ ለካ ትንፋሽ እየሰበሰብሽ ኖሯል። ሊፍቱ ያስለቀሰኝም ለዚህ ነው። ጫማሽ ጠበበሽና ሰፋ ያለ ገዛንልሽ። አቤት ደስታችን! ስንዱ ደረጃው ሥር ይዛሽ «እሰይ፣ አማረብሽ፣ ወፈርሽ፣ አገሩ ተስማማሽ» ስትል ጉንጭሽን ሳመችሽ። አንቺም ደስ ብሎሽ ቀሚስሽን ሰብሰብ አድርገሽ ያበጠ እግርሽን አሳየሻት፤ ጎንደር ሳለሽ ሸንበቆ ይሉሽ ነበርና። እኛ አገር ሰው ሲወፍር ይመሰገናል እንጂ ሐኪም ጋ ይወሰዳል? ውሃ መሆኑን ማን ይጠርጥር? ኩላሊትሽ ልርዳት ብሎ ነው ያን ያደረገው፤ እኛም ደስ ይበላት ብለን ነው ያጨበጨብነው።

ኦሪት የዚያን ዓርብ እህል አልቀመሰችም። አባቷ «ያላ፣ ብዪ እንጂ፣ ሰንበት ነው» ቢላት ቀና ብላ አላየችውም። ከዚያ በዕብራይስጥ፣ የሚያማት ነገር ሲሆን በዕብራይስጥ ነው የሚወጣላት፣ «የገደልኳት እኔ ነኝ» አለች። አንዲት ቃል በትክክል ማሻገር ያቃታት ሰው በሽተኛ አጠገብ መቆም የለባትም አለች። እሑድ ትምህርት ቤት አልሄደችም። በማግሥቱም አልሄደችም። ፈተናው አለፋት። ጓደኞቿ ቢደውሉ ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጠዋለች።

እኔም መጀመሪያ ማንም እናት የሚለውን አልኳት፤ አይዞሽ፣ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ። አልሰማችኝም። በኋላ ግን እውነቱን ነገርኳት፤ እኔ ብሆን ኖሮ ያንኑ ነበር የምለው። ሐኪሟ አማርኛ ብታውቅም ኖሮ ያንኑ ነበር የምትሰማው። የእኛ ጭንቅ አንድ ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥር ጭንቅ፣ ሴት ስታምጥ ጭንቅ፣ እኅት ስትቀር ጭንቅ። ምናልባት አንቺ ራስሽ ለይተሽ አታውቂው ይሆናል አልኳት። ጠረጴዛውን እያየች «ለዚህ እኮ ነው መጠየቅ የነበረብኝ» ብላ ተነሥታ ሄደች።

ልጄን እንደ አንቺ ሁሉ ላጣት ነው ብዬ ፈራሁ እምዬ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ነጭ ጋዋኗን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በከረጢት አድርጋ ልትመልስ ወደምትለማመድበት ሐኪም ቤት ሄደች። ኃላፊዋ ነርስ ገና ከበሩ ስታያት «አማርኛ የምትችዪው አንቺ ነሽ? ቶሎ ነዪ» ብላ፣ ለምን ቀረሽ እንኳ ሳትላት፣ ከአንድ አዛውንት ፊት አቆመቻት። ከጎረቤት ከተማ ከቂርያት ዔቅሮን የመጡ፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሰው ናቸው። «ምን ሆኑ አባባ?» ብትላቸው «ጨንቆኛል ልጄ» አሏት።

ከረጢቱን አስቀምጣ ጠየቀቻቸው። ሲተኙ ይብስብዎታል? ቁጭ ሲሉ ይቀልልዎታል? በስንት ትራስ ነው የሚተኙት? ደረጃ ሲወጡስ? ጫማዎ ጠቦዎታል? ሰውየው ሲሰለቻቸው «ምነው ልጄ፣ ጫማዬን ምን አድርጊ አሉሽ? ብተኛም ብቀመጥም ያው ነው። የጨነቀኝ ያ ልጅ ነው! አግብቶ ኤላት ከገባ ወዲህ ስልክ አያነሳም» አሏት።

ኦሪት እየሳቀች አለቀሰች። አዛውንቱ ደንግጠው «ታውቂዋለሽ እንዴ?» አሏት። ለሐኪሙ ሁሉንም ነገረችው፤ የጠየቀችውን፣ የመለሱላትን፣ የልጁንም ነገር አልተወችም። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ እግራቸውን አይቶ የልብ ነገር እንደሌለ ተናገረ። እሷ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብላ በእሳቸው ስልክ ልጃቸው ጋ ደወለች። እሱ አሁንም አላነሣም። በራሷ ስልክ ስትደውል ግን ወዲያው አነሣና፣ ተረኛ ነርስ ነኝ ብላ ልክ ልኩን ነገረችው።

ጋዋኗን ይዛ ተመለሰች። ዛሬ ፈተናው ላለፋቸው የሚሰጠውን ሁለተኛ ፈተና ተፈትናለች፤ ውጤቱ ገና አልታወቀም። ብትወድቅ እንኳ እንደገና እፈተናለሁ ትላለች።

እኔ ግን ሰላም የለኝም። በጊዜው ቢታወቅልሽ ዕድሜ ይጨምርልሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ውሃውን የሚያስወጣ መድኃኒት እንዳለ፣ ትንፋሽሽን ያቀልልሽ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ በላይ ያለችኝ «ምናልባት» ብቻ ነው። ምናልባትን ምን አደርገዋለሁ እምዬ? በመድኃኒቱ እንኳ ባትድኚ፣ ያን ክረምት በጀርባሽ ተኝተሽ ታድሪ ነበር።

ተዝካርሽ እየደረሰ ነው። ቄሶቹ ይመጣሉ፣ የሰፈሩ ሰው ይሰበሰባል፣ ያላወቀ እንግዳም በምን እንደሞትሽ ይጠይቃል። እስካሁን ለጠየቀን ሁሉ «በድንገት ነው፣ ቁጭ ባለችበት» ስንል ኖረናል። ሰውም «ታድላ፣ ሳትሠቃይ» ይላል፤ እኛም እሺ ብለን እንቀበላለን። ከእንግዲህ እንደዚያ አላስታውስሽም። ቃል እገባልሻለሁ፣ የጠየቀኝን ሁሉ አስቀምጬ፣ ኦሪትንም አጠገቤ አድርጌ፣ በድንገት አልነበረም፣ ነግራን ነበር እላለሁ።

ልጅሽ