ለእሸቴ እውነቱን ንገሪው

ይድረስ ለእታለም አሰገደች፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከደጃፍሽ አይራቅ። እንደምን ከርመሻል? ጋሽ ጉግሳስ ደኅና ናቸው ወይ? እምዬ በዚህ ብርድ ወገቧ እንዴት አደረጋት? ቢተው ትምህርቱን ያዘ ወይስ አሁንም ከኳስ ሜዳ እየተጎተተ ነው ቤት የሚገባው? ከሁሉ ይልቅ የእሸቴ እግር እንዴት ነው? መግሉ ቀነሰለት? ትኩሳቱስ? እኔ ቀኑን ሙሉ ከመቆም ብዛት ከሚያብጠው እግሬ በቀር ለክፉ የማይሰጥ ጤና አለኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ናፍቆታችሁን ግን በምን አፌ ልንገራችሁ።

ደብዳቤሽን ገብረእዝጊ አድርሶኛል። የላክሽው ቅቤና በሶም ሳይጎድል ገብቷል፤ እጅሽ ይባረክ። የልጁን ጉዳይ ለአጥንት ሐኪሙ ነግሬ አልጋ እንዲያዝለት ተስማምተናል፤ ከፋሲካ በፊት ይዘሽው ነይ። በማደንዘዣ ተኝቶ እግሩ ይከፈትና የበሰበሰው አጥንት ይጸዳል። ከዚያ በኋላ ቁስሉ ከውስጥ እስኪሞላ ድረስ ፋሻው በየጊዜው ይፈታል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይታሰራል። ዋናው ፈተና ይኸኛው ነው።

ነገር ግን እታለም፣ ደብዳቤሽን ጨርሼ ሳነብ ደሜ ፈላ። «አውሮፕላን ልታይ አክስትህ ዘንድ ቦሌ እንሄዳለን ብዬዋለሁና እንዳታጋልጪኝ» ትያለሽ። ይህ አልበቃ ብሎሽ ደግሞ «አልጋ ከያዘ በኋላ እንቅልፍ ሲወስደው ሹልክ ብዬ እመለሳለሁ፤ ሲያለቅስ ማየት አልችልም» ብለሻል። የእናቴ ልጅ ባትሆኚ ኖሮ ወረቀቱን እዚያው እቀደው ነበር።

እዚህም ያለው ሰው እንዳንቺው ነው። ጎረቤቴ የሻሽወርቅ ከሥራ ስመለስ ባየችኝ ቁጥር ልጇን «ዝም ትላለህ ወይስ አትልም! ይቺውልህ መርፌ የምትወጋዋ መጣች!» ትለዋለች። ልጁም አልጋ ሥር ይገባል። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ከረሜላ በእጄ ይዤ ብመጣም ያው ነው፤ የሰፈሩ ጅብ ሆኜ ቀርቻለሁ። ባለፈው ልጁን ጉሮሮውን አሞት ተሸክማው መጣችና፣ እኔን ሲያይ እሪ ቢልባት «ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የሚፈራሽ?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ! ምን ይባላል?

ለምን እንደተናደድሁ እንዲገባሽ ዘሃራ ስለምትባል ልጅ ልንገርሽ። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ አብዱልገኒ ላምበረት አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለው። የፈላ ውኃ ከነድስቱ ተገልብጦባት ግራ እግሯ ከታፋዋ እስከ ጉልበቷ ተልጧል። እናትየዋ አራስ ነበረች። ቤት ውስጥ ማርና ቅቤ ሲቀቧት ሰንብተው ቁስሉ ማመርቀዝ ሲጀምር አባቷ «መርካቶ ወስጄ ቀሚስ እገዛልሻለሁ» ብሎ አታሏት ወደኛ አመጣት። ቁስል ማጠቢያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣትና «ቀሚሱን ይዤ ልምጣ» ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ።

የዚያን ዕለት የሆነውን ባልነግርሽ ይሻላል። ከዚያ ወዲያ ግን ልጅቷ ማንንም አላመነችም። ውኃ ብሰጣት «መድኃኒት ነው» ብላ ትተፋዋለች። ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። የሚያስተኛው መድኃኒት ለኦፕራሲዮን ብቻ እንኳ በስስት ነው የሚሰጠን፤ ስለዚህ ፋሻው በተፈታ ቁጥር ለአራት እንይዛታለን። ረዳቴ ተናኜ ከላይ ትከሻዋን ተጭና «አያምም የኔ ቆንጆ፣ አያምም» ትላታለች። አንድ ቀን ዘሃራ እጄን ነከሰችኝና «ካላመመ ለምን ትይዙኛላችሁ?» አለች።

ስትታገል ቁስሉ ይደማል፤ ስለማትበላ ደግሞ አይሞላም። ሐኪሙ አይቷት «በዚህ ከቀጠለች እግሯ ብቻ አይደለም፣ ራሷንም እናጣታለን» አለ። ይኸን ጊዜ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ወደ ሲስተር ውባንቺ ሄጄ አባትየው ፋሻው ሲፈታ አብሯት ይሁን ብዬ ለመንሁ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ። ወላጅ ከገባ ልጁ ይብሳል። ባለፈው የገባው አባት ራሱ ተዝለፍልፎ ወድቆ ልጁን ትተን እሱን ስናነሳ አልነበር?» አለችኝ። ውሸቷን አይደለም፤ ግንባሩን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስነዘንዛት ግን ሰለቻትና «እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ጉድ ቢፈጠር ግን ካንቺ ራስ አልወርድም» አለች።

ደንቡን አስጥሼ ስመጣ አባትየው ደግሞ እምቢ አይለኝ መሰለሽ! አብዱልገኒ ብርቱካን በከረጢት ይዞ በር ላይ ይመጣል፣ ሰጥቶን ዓይኑን እየጠረገ ይመለሳል፤ ሥራው ይኸው ነበር። እንዲገባ ብነግረው «ሲስተር፣ እኔ አንጀቴ አይችልም፣ ልቤ ይቃጠላል» አለኝ። ትዕግሥቴ አለቀ። «የተቃጠለው የእርስዎ ልብ አይደለም፣ የልጅዎ እግር ነው!» ብዬ ጮህሁበት። ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሱ ብርቱካኑን እንደያዘ «ምን ልበላት?» አለኝ። «እውነቱን» አልሁት።

ገባ። ዘሃራ ስታየው ፊቷን አዞረች። አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ «ዋሽቼሻለሁ። ቀሚስ አልነበረም» አላት። «አውቄዋለሁ» አለች፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረች። «ዛሬ ያማል?» ስትለው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «ያማል። እኔ ግን አልሄድም» አላት። «ወላሂ በል!» «ወላሂ!» ያን ጊዜ ወደኛ ዞረች።

እኔም በተራዬ የምሠራውን ሁሉ ከመሥራቴ በፊት ነገርኋት። ፋሻው ቁስሉ ላይ እንደሚጣበቅ፣ በጨው ውኃ ብዙ ካራስነው እንደሚለቅ፣ የመጨረሻው ሽፋን ግን እንደሚያማት። «በቃ ስልሽ ታቆሚያለሽ?» አለችኝ። እሺ አልኋት። ገና ሳልነካት «በቃ!» ብላ ጮኸች፤ ልትፈትነኝ ነው። እጄን አነሳሁ። ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝና «ቀጥዪ» አለች። የመጨረሻዋን ሽፋን ራሷ በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ እያለች ላጠቻት። አላለቀሰችም ብዬ አልዋሽሽም፤ እንባና ንፍጧ የአባቷን ሸሚዝ አርሶታል። ግን ማንም አልያዛትም። በዚያን ቀን ሁለት ብርቱካን በላች። ይህን ያየችው ሲስተር ውባንቺም «አንድ ጊዜ ብቻ» ያለችውን ትታ ፋሻው በሚፈታበት ቀን ሁሉ እንዲገባ ፈቀደች።

ይኸው ተቃናልን ስንል ደግሞ ቀበሌ ገባበት! አብዱልገኒ እመጣለሁ ባለበት ቀን ጠዋት ሰልፍ ተጠራ፤ የቀረ የስኳር ካርዱ ይነጠቃል ተባለ። እኛ ይህን አላወቅንም። ዘሃራ በር በሩን እያየች ቀረች። ረፋድ ሆነ፣ ቀትር ሆነ። ተናኜ «እንግዲህ ይዘን እንጨርሰው» ስትል ልጅቷ ብርድ ልብሱን ነክሳ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ተበሳጭቼ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ ሰውዬውን ባገኘው አንገቱን አንቄ የምጠይቀው ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ ለምን እንደዘገየን ሲጠይቅ ሲስተር ውባንቺ ከዴስኳ ቀና ሳትል «የቁስል ማጠቢያው ዕቃ ገና አልተቀቀለም» አለችው። ዕቃው ጧት ተቀቅሎ፣ ተሸፍኖ፣ ከኋላዋ ተቀምጧል! ለሐኪም መዋሸቷን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለልጅቷ ግን ቀርባ «አባትሽ የት እንደቀረ አላውቅም። እስከ ማታ እንጠብቀዋለን፤ ካልመጣ ግን ፋሻው መፈታት አለበት፣ እኔ እጅሽን እይዝልሻለሁ» አለቻት። ዘሃራም እሺ አለች።

አብዱልገኒ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሰልፉ በተሰጠው የወረቀት ባንዲራ ላቡን እየጠረገ እየሮጠ ደረሰ። ልንቆጣው ብንልም ልጅቱ ቀደመችን፤ እኛ የምንለውን ሁሉ አለችው።

ቁስሉ ቀስ በቀስ ሞላ። ጠባሳው ትልቅ ነው፤ ጉልበቷም ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፣ ገና ትንሽ ታነክሳለች። ይህንም አልደበቅኋትም። ወደ ቤቷ የሄደችው ግን በገዛ እግሯ ተራምዳ ነው።

እንግዲህ እታለም፣ ከዚህ ወዲያ ምን ልበልሽ? ልጅሽ ሞኝ አይደለም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲደርስ እናቱ እንደዋሸችው ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ እኔ የምለውን ምን ብሎ ያምነኛል? የሚያለቅሰው ዓይንሽ እያየ ያልቅስ፤ ልቅሶ ልጅ አይገድልም። ተኝቶ ትተሽው ከሄድሽ ግን እንቅልፍም ይፈራል። እኔ ዘንድ ፍራሽ አለ፤ ለሰልፍም ለስብሰባም የሚጠራሽ ቀበሌ እዚህ የለሽ። ጋሽ ጉግሳ እህሉን ለጥቂት ሳምንት ይጠብቁ። ፈጽሞ መቆየት ካልቻልሽም «የምሄደው በዚህ ቀን ነው፣ የምመለሰው በዚህ ቀን ነው» ብለሽ ንገሪውና በቀንሽ ተገኚ። ቁጣዬ ከፍቅር ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ጋሽ ጉግሳን አክብረሽ እጅ ንሺልኝ። እምዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ወገብ የሚታሽበት መድኃኒት በገብረእዝጊ ልኬላታለሁ፣ ለማሸት እንጂ ለመጠጣት አይደለም በያት። ቢተውን ስመሽ ጆሮውንም ቆንጥጪልኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በዪ።

ለእሸቴ ደግሞ ይህችን ብቻ ለይተሽ አንብቢለት። እሸቴ፣ የኔ አንበሳ፣ እግርህን የሚያክምህ ሐኪም አለ። ሲከፍተው ተኝተህ ስለሆነ አይሰማህም፤ ስትነቃ ግን ያምሃል። ፋሻው ሲቀየርም ያምሃል። የምቀይርልህ እኔ አክስትህ ነኝ፤ ምን ልሠራ እንደሆነ ሳልነግርህ አልነካህም። እታለም፣ ይህን ስትሰማው ቢያለቅስ አትቆጪው። የጠየቀሽን ሁሉ፣ የማይረባ ቢመስልሽም፣ ሳትቆርጪ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ መልሱን ይዤ በር ላይ እጠብቀዋለሁ።

እህትሽ የሺአረግ

አዲስ አበባ፣ ቦሌ
የካቲት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.