ሼቭሌዋን ራስህ መጥተህ ውሰዳት

ሳጊናው፣ ሚሺጋን
ኦክቶበር 18 ቀን 2011

ለላይል፣

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። «አቶ» እንዳልልህ ደግሞ ሠላሳ ምናምን ዓመት ካልሲህን ያጠብኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ላይል ብቻ ብዬሃለሁ፤ በስምህ ተብቃቃ።

እንዴት ከረምክ? ወንድምህ ቤት ተስማማህ ወይ? አሪዞና አሁንም በሸሚዝ እንደሚዋል ሰምቻለሁ። እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ የሚጠርገው ስለጠፋ በረንዳው ድረስ ገብቷል። የምድር ቤቱ ማሞቂያ እንደ ሽማግሌ እየሳለ ይሠራል። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርድ ሲነካኝ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ የምነግርህ ሕመም የለኝም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛህ ቨርጂል መኪና መጫኛ ተጎታቹን ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። በረዶ ሳይጥል፣ ከተማውም መንገዱ ላይ ብረት የሚበላውን የበረዶ ማቅለጫ ጨው ሳይበትን ሼቭሌዋን፣ ያቺን አሮጌ መኪናህን፣ ጭኖ እንዲያመጣልህ ልከኸዋል። በሜይ ከቤት የወጣህ ሰው እስከ ዛሬ አንድ ስልክ አልደወልክልኝም። ስለ እኔ ጠይቆ እንዲመጣ አዞህ ነበር ወይ ብዬ ቨርጂልን ብጠይቀው ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ስለ ጎማዎቿ ንፋስ ግን ጠይቀሃል አሉ።

ሰፈሩ «ዶሪን መኪናዋን ጠልታት ነው የማትሰጠው» እያለ ያወራል። ውሸት ነው። መኪናዋንማ ከአንተ በፊት ነው የወደድኳት። አባቴ ቤት ወጥ ቤት ቆሜ ድንች ስልጥ ነው ድምጿን የሰማሁት። ሚኒሞ ላይ ሆና፣ ነዳጅ ሳትረገጥ ቆማ እንኳ ዝም ማለት አትችልም፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን ብርጭቆ ሁሉ አንቀጠቀጠችው። እናቴ «የማን ባለጌ ነው ደግሞ» አለች። እኔ ቢላዋውን አስቀምጬ ወጣሁ። ሰማያዊ፣ ኮፈኗ ላይ ነጭ መስመር የተሰመረባት፣ ኋላዋን ከፍ አድርጋ ልትዘል ያቆበቆበች ድመት ትመስል ነበር። አንተ ክንድህን መስኮቱ ላይ ጥለህ፣ ራስህ የፈጠርካት ይመስል ትንቀባረራለህ።

ለመንዳት የምትመች መኪና አልነበረችም። መሪዋ ይከብዳል፣ ፍሪሲዮኗ እግር ያደክማል፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ እንደ ሰካራም ትንሸራተታለች። ግን ነዳጁን ስትረግጠው ወንበሩ ጀርባዬን ሲገፋኝ፣ ሆዴ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ሳቄ ሳላስበው ያመልጠኝ ነበር። የዛሬዎቹ መኪኖች ሂጂ ሲሏቸው ይሄዳሉ፣ ቁሚ ሲሏቸው ይቆማሉ፤ ድምፅ የላቸው፣ ሽታ የላቸው። እሷ ግን በየማለዳው ካልለመኗት የማትነሳ ኩሩ ነበረች። ሰው የሚወዳት ለዚያ ነው መሰለኝ።

እኔም የበጋውን ቅዳሜ ሁሉ ከኋላዋ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩት። ከመኪና ማኅበርተኞችህ ጋር ኮፈን ከፍታችሁ ለዕይታ ስትሰለፉ በዚያ የሚያልፍ ወንድ ሁሉ ቆም ይልና ያንኑ ነገር ይናገራል፤ አባቴ ልክ እንደዚህች ያለች ነበረችው፣ ምነው ባልሸጣት ኖሮ። አንተም እንደ አዲስ ወሬ ራስህን ትነቀንቅለታለህ። ዌስሊያችን «እማማ» ከማለቱ በፊት በከንፈሩ ሞተር ማስነሳት የቻለ ልጅ ነበር፤ ያኔ አልተከፋሁም፣ ስቄ ነው የሳምኩት።

ስለ ቀብሩ ቀን በአፋችን ተነጋግረን አናውቅም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ልንገርህ። ልጃችን ከሰው ጣሪያ ላይ በረዶ ሲያወርድ ወድቆ በሞተ በሳምንቱ ነው። የማኅበራችሁን ልማድ አውቀዋለሁ፤ የአባል ልጅ ሲቀበር መኪኖቹ በመቃብሩ አጥር ዙሪያ ይሰለፋሉ፣ ፓስተሩ ጸሎቱን ሲጨርስ ሁሉም አንድ ላይ ሞተር ያስጮኻሉ፣ ያ ስንብቱ ነው። ደንቡም ለአፍታ ብቻ ነው። አንተ ከፊት ነበርክ፣ ሼቭሌዋ ውስጥ። ትወርዳለህ ብዬ ከጎኔ ቦታ ትቼልህ ነበር። እህትህ መጥታ ልትቆምበት ስትል «የላይል ነው» ብዬ መለስኳት።

ፓስተሩ ጨረሰ፣ ሞተሮቹ ጮኹ። ይቆማል ብዬ ስጠብቅ አንተ እጅህን በመስኮት አውጥተህ ጨምሩ አልክ። ጨመሩ። ደግመህ ጨምሩ አልክ። ከጫማዬ ሥር መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀስኩ የራሴን ድምፅ መስማት አልቻልኩም። ሬሳ ሣጥኑ የወረደው በዚያ ጩኸት ውስጥ ነው። ዝም ሲባል ሁሉም ነገር አልቆ ሰው መበተን ጀምሯል። አፈሩን ብቻዬን ዘግኜ ብቻዬን ጣልኩት። አንተ ከመኪናህ አልወረድክም፤ መስታወቱም በጉም ተሸፍኖ ፊትህን ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲያ በቤታችን ማልቀስ የእኔ ሥራ ብቻ ሆነ። አንተ ትበላለህ፣ ትተኛለህ፣ ጋራዥ ትገባለህ። አንድ ቀን «ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው» ብለህ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ፣ እሷንም ጥለህ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚሉት እኛ ቤት አልሠራም።

ወደ ቨርጂል ልመለስ። የሚያስርበትን ቦታ ሊያይ ባትሪ ይዞ ከሥሯ ገባ። ብቅ ሲል ፊቱ ተለዋውጧል።

«ዶሪን፣ ጨዉን እኮ አላጠባትም» አለኝ።

«ምን አገባኝ።»

«ዝናብ ነካት ብሎ የሚቆጣ ሰውዬ እኮ ነው። በማርች፣ ለቀብሩ፣ ያን ሁሉ ጨው እያየ አወጣት። እኛስ የሱን አይተን አይደል እንዴ ያወጣነው? ከዚያ ወዲህ አንድ ጨርቅ አላስነካትም።»

እኔም ውስጤ የነበረውን አወጣሁት፤ መኪና አውጥቶ ራሱ ያልወጣ አባት ምን ዋጋ አለው አልኩት። ቨርጂል ባትሪውን አጠፋ።

«አልሰማሽውም ማለት ነው?»

«ምኑን ነው የምሰማው?»

«መኪናዬን ከጎኑ ያቆምኩት እኔ ነኝ። እጁን ሊያወጣ መስኮቱን ባወረደ ቁጥር እሰማው ነበር። እንደሚታረድ በሬ ነበር የሚጮኸው፣ ዶሪን። ልውረድ ቢል እግሩ አልታዘዝ አለው። ጨምሩ ጨምሩ ያለን አንቺ እንዳትሰሚው ነው። እኛ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንቺም የምታውቂ መስሎኝ ነው እንጂ…»

ተጎታቹን ባዶውን ይዞ እንዲሄድ ነገርኩት። ሄደ።

አሁን ልቧ ራርቶልኝ ይሆናል እያልክ እንደሆነ ተሳስተሃል። እስከ ቅዳሜ ድረስ የተቆጣሁህ ለልጅህ አላለቀስክም ብዬ ነው። አሁን የምቆጣህ አልቅሰህ ስለደበቅከኝ ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ ሰማህ፤ ልጁን አብራህ የወለደችው ሴት ብቻ አልሰማችህም። ያን ሁሉ ሌሊት ትራሴን ነክሼ ሳለቅስ፣ ከግድግዳው ማዶ ሰምተህ ዝም ስትለኝ፣ ልጁ የእኔ ብቻ ነበር እንዴ እያልኩ ራሴን ጠይቄያለሁ። ልትከልለኝ አስበህ ይሆናል፣ እንዳታስጨንቀኝም ብለህ ይሆናል። እኔ ግን የፈለግኩት ያንኑ ጩኸት ነበር፣ ላይል። በዚያ ቀን ከዚያ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ እኔ ቨርጂል ሲሄድ የገባሁት መዶሻው ሁሉ የተሰቀለበት ጋራዥህ ውስጥ ነው። ትልቁን አውርጄ መስታወቷ ፊት ቆምኩ። ቆምኩ፣ ቆምኩና መልሼ ሰቀልኩት። ከዚያ ሙቅ ውሃ በባልዲ አምጥቼ፣ ካርቶን አንጥፌ፣ በዚህ ጉልበቴ ከሥሯ ገባሁ። የግራ ፓራፋንጎዋን ከውስጥ ዝገት ጀምሯታል፤ ሌላው ደህና ነው። ጨዉን ከሻንሲዋ ላይ እስኪለቅ አጥቤ በጨርቅ አደረቅኳት። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ጨው ብረት ስለሚበላ ነው።

እንግዲህ ቃሌ ይኸው። ለቨርጂልም ለሌላም መልእክተኛ አልሰጣትም፤ ቁልፏንም በፖስታ አልልክም። ራስህ ና። ስትመጣ ግን ሞተሯን አታስነሳ። እሷን ጋራዡ ውስጥ ትተናት በእግራችን መቃብሩ ጋ እንሄዳለን፤ ሐውልቱን አስተክዬዋለሁ፣ አንተ አላየኸውም። ከጎኔ ትቆማለህ። ያኔ ያፈንከው ነገር ሲመጣብህ አታፍነው፤ እንደ በሬም ቢሆን ጩህ፣ እኔ ልስማህ። ከዚያ በኋላ መኪናህን ይዘህ ወደ በረሃህ ብትመለስ አልከለክልህም፣ ለምን ብዬም አልጠይቅህም።

እግዜር በመንገድህ ይከተልህ፣ ከክፉ አደጋም ይሰውርህ። ወንድምህን ሰላም በልልኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ካፖርት ግን አትግዛ፣ የድሮው ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

የዌስሊ እናት፣
ዶሪን