ቢጫው መብራት «ጠብቅ» ነው የሚልህ

ሰጃድ፣
ባሚያውና ሩዙ ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀህ ብላ። እኔ አቡ ሩቀያ ዘንድ ሆስፒታል ሄጃለሁ። ልቀሰቅስህ አልፈለግኩም፤ ከተነጋገርን እንደገና መጮኼ አይቀርም።

ዛሬ ሥራ ከመግባትህ በፊት ግን ይሄን አንብብ።

የኬብል መፈተሻው ላይ ቀይ ሲበራ ብልሽት አለ ማለት ነው። ቢጫ ሲሆን ግን መሣሪያው ምን እየሠራ እንዳለ ነው የሚነግርህ። ትናንት የጻፈው «ኬብሉ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እየወጣ ነው፤ ጠብቅ» የሚል ነበር። አንተ ሳታነበው «ይሄ አህያ ደግሞ ተበላሸ» ብለህ ከሶኬቱ ነቀልከው። አቡ ሩቀያ ስክሪኑ ሲጠፋ ፍተሻው ያለቀ መስሎት ኬብሉን ያዘ።

እሱም የመሬት ሽቦውን ሳያገናኝ መያዝ አልነበረበትም። አውቃለሁ። ግን ስንቴ ነው «መጀመሪያ አንብብ» ያልኩህ? ሁሌ «እሺ ኡስታዝ» ትለኛለህ፣ ትስቃለህ፣ አበቃ።

በሠራተኛው ሁሉ ፊት አንተን ነፍሰ ገዳይ ማለቴ ግን ልክ አልነበረም።

ክንዱ ክፉኛ ተቃጥሏል፤ ጣቶቹንም ገና አያንቀሳቅስም። ማታ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ኤሌክትሪኩ ሰጃድንም ያዘው እንዴ?» ብሎ ነው። «ምንም አልሆነም» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለና መልሶ እንቅልፍ ወሰደው።

ከሥራ ስትወጣ ከአሸር ሰፈር ታክሲ ይዘህ ሆስፒታል ና። እኔን ማናገር የለብህም። እሱ ግን በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል።

ሙሐነድ