ጎረቤት የሚናገርለት ቡና

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ሻሽቱ
ጁባ

እትዬ፣ እንዴት ከረምሽ? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ትውያለሽ? ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? ባለቤትሽ ጋሼ ኪቲላ ደኅና ናቸው? ልጅሽ ቢሊሴስ ቁመቷ የት ደረሰ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባባ ብርዱ ጉልበታቸውን ሲነካቸው ትንሽ ያማርራሉ እንጂ ጤነኛ ናቸው። እማማም ደኅና ናት፤ አንቺን ሳታነሳ የምታልፈው ቀን የለም። ስልኩ መሐል ላይ እየተቆረጠ አስቸግሮናል። ደግሞ የምነግርሽ ነገር በስልክ አይሆንልኝም። ስጽፍ ነው ለራሴም የሚገባኝ። ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ሰው ስላገኘሁ ደብዳቤውን በእሱ እልከዋለሁ።

አሁንም መቱ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የተወሳሰበ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼ አቃንተው ይጽፉታል። መጀመሪያ ሰውየውን ፈልጉ እላቸዋለሁ። ማን ነው? ምን አደረገ? ቀላል ነገር። ቀላል ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ነዚፍ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የባለ ሱቁ የጋሼ ጀዋር ልጅ፣ ከእኔ ጋር የተማረው። አሁን የእነ አባባ ቡና ማኅበር ጸሐፊ ሆኗል። ከውጭ አገር የመጡ ገዢዎች የጫካ ቡናችንን ከሌላ ቡና ጋር ሳይቀላቅሉ፣ በመንደራችን ስም ሊገዙ ፈልገው ነበር። አስቀድሞ ግን እያንዳንዱ ገበሬ ቡናውን እንዴት እንደሚያዘጋጅ በእንግሊዝኛ ተጽፎ እንዲላክላቸው ጠየቁ። ነዚፍ ጻፈና ላከ። ማን ምን እንደሚሠራ አልገባንም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተብራራ ነገሩ ይቅር የሚል መልስ መጣለት። እትዬ፣ አባባ ይህን እንዴት ሲጠብቁት እንደኖሩ አንቺ ታውቂያለሽ። ቡናቸው ከመጋዘኑ በር ካለፈ በኋላ ተቀላቅሎ የማንም ነበር።

ጽሑፉን አየሁት። ቡና ይለቀማል። ያልበሰለው ይወጣል። ዝናብ ሲመጣ ማድረቂያው አልጋ ይሸፈናል። ሁሉም ነገር ይደረጋል፤ የሚያደርገው ሰው ግን የለም። ጫካው ውስጥ ባዶ እጆች ብቻ የሚንቀሳቀሱ ይመስላል። ነዚፍ፣ ምን ላድርግ፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው እንዲህ ነው ያሉኝ አለ። አላመንኩትም። እንግሊዝኛው ነው ብዬ ደመደምኩ። ረጃጅሞቹን ቆረጥኩ፣ የተጠላለፉትን ፈታሁ፣ በየፊታቸው «ገበሬው» የሚል ቃል ተከልኩ። ጥርት አሉ። ደስ አለኝ። ቅዳሜ ያዮ ወጣሁና ለአባባ በኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ይህ ገበሬ ማን ነው አሉኝ። እርስዎ ነዎት አልኳቸው። እኔ እንዲህ ስል ማን ሰማኝ ብለው ወደ ጓሮ ወጡ።

እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት። ስሕተት የለውም። ሰውም የለውም።

እንዴት ረሳሁት? እዚሁ አይደል ያደግሁት? በእኛ መንደር ሰው የራሱን ቡና አያወድስም፤ ነውር ነው። እንግዳ ሲመጣ የአንድን ሰው ሥራ የሚናገርለት ጎረቤቱ ነው፤ እሱም በተራው የጎረቤቱን ይናገራል። ነዚፍ ግን እያንዳንዱን ስለ ራሱ ጠይቆታል። እኔም ያንኑ አቃንቼ ጻፍኩ። ሰዎቹ ደግሞ በትሕትና ከዓረፍተ ነገሩ ወጥተው ሄደዋል።

ከነዚፍ ጋር እንደገና በየቤቱ ዞርን። ይህን ጊዜ ስለ ጎረቤታችሁ ንገሩን አልን። እትዬ፣ አፍ ሁሉ ተከፈተ። እትዬ ኢብሴ ስለ ጎረቤቷ ስትናገር፣ አንዷን ፍሬ ለመልቀም ሚስት እንደሚመርጥ ሰው ዙሪያዋን ያያል አለች። ነዚፍ ይህችን በእንግሊዝኛ ካላስገባሽ ብሎ ለመነኝ፤ አስገባኋት። ዓረፍተ ነገሮቹ ብዙ መቃናት አላስፈለጋቸውም። ሰውየው ከፊት፣ ሥራው ከኋላው።

የቀሩት አባባ ነበሩ። የአባባ ጎረቤት ጋሼ ዲንቃ ናቸው። በድንበሩ ላይ ባለው ቀፎ መስቀያ ዛፍ የተነሳ፣ አንቺ ሳትሄጂ የጀመረው ኩርፊያ እስካሁን አልበረደም፤ ሰላም የሚባባሉት ለቀብር ሲገናኙ ብቻ ነው። የሚናገርለት ከሌለ የአባባ ቡና ከዚያ ጽሑፍ ውጭ ሊቀር ነው። መቱ በተከራየሁበት ግቢ እኔስ ቢሆን ስለ እኔ የሚናገር ጎረቤት አለኝ? ይህን እያሰብኩ ከነዚፍ ጋር የጋሼ ዲንቃን አጥር አልፌ ገባሁ።

«አባትሽ ኩመራ ግትር ነው» ብለው ጀመሩ። «በእንግሊዝኛ ግትር የሚባል ቃል አለ? ካለ ከሁሉ አስቀድሚው። ግትር ስለሆነ ነው ያልበሰለ ፍሬ እጁ የማይነካው።» ነዚፍ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቆይተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ ፋኦል የሞተ ዕለት ዝናብ መጣ። ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶታል፤ ቡናዬን ያስታወሰው የለም። በማግስቱ ብወጣ ሸራ ለብሷል። የኩመራ ሸራ ነው። የእሱ ቡና አልጋው ላይ ርሶ ተኝቷል፤ ያን ዓመት ሻገተበት። እኔ አልጠየቅሁት፤ እሱም አልነገረኝ።»

ለአባባ ስነግራቸው ፊታቸውን አዞሩ። ያን አትጻፊው አሉ። ሲብራራ የሚያሳፍር ነገር አለ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሆኖም የተናገሩት ጋሼ ዲንቃ ናቸው፤ ቃሉ የእሳቸው ነው። ጻፍኩት።

ከመላኩ በፊት አባላቱ መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡና ሁሉንም በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። አንዱ የሌላውን እየሰማ ይስቃል፣ ይተርባል። አባባ ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። ጋሼ ዲንቃ ከጥግ ሆነው «አንብቢ» አሉ። አነበብኩ። ኩመራ ዝናብ ሲመጣ አስቀድሞ የጎረቤቱን አልጋ ይሸፍናል። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «የሸፈንኩት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ስንትና ስንት ዓረፍተ ነገር አቃንቻለሁ፤ ይህችን ግን አልነካኋትም።

መልሱ ትናንት መጣ። ገብቶናል፣ ቡናውን በመንደሩ ስም እንወስዳለን ይላል። ነዚፍ ሞተር ብስክሌቱን እንኳ ሳያጠፋ ነው ከበር የነገረን። እማማ እልል አለች። አባባ፣ ዲንቃ ሰምቷል ወይ ብለው ጠየቁ። ነዚፍ ይነግራቸዋል አልኳቸው። ነዚፍ ልጅ ነው፣ አሳምሮ አይነግርም ብለው ዱላቸውን አነሱና ድንበሩን ተሻገሩ። ዛሬም ከቁርስ በኋላ እዚያው ሄደዋል። ይህን ስጽፍልሽ ድምፃቸው ይሰማኛል። ስለ ዛፉ እየተጨቃጨቁ ነው። ተቀምጠው ነው ግን፤ አንድ አግዳሚ ላይ።

ጋሼ ኪቲላን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ አባባ በመንገድ ሲመላለስ ይጠንቀቅ ብለዋል። ቢሊሴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እንዳታስረሻት። አብረውሽ ለሚሠሩት ሴቶች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እማማ ማር በጠርሙስ አሽጋ ልካልሻለች፤ ጋሼ ዲንቃም ስምሽን ጠርተው ሰላም ብለውሻል። አንቺ ደግሞ ወገብሽን አሳርፊ።

የምትወድሽ እኅትሽ
ገሊላ ኩመራ

ያዮ፣ ኢሉባቦር
ጥር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.