ሂራን ሲመታ እኔ ማድቤት

ጁላይ 2፣ ረቡዕ

ካፊያ፣ አሁንም ካፊያ። መብራትም ጠፋ። የስፌት መኪናዬን ሸፈንኩና ዓሣ ገዝቼ ገባሁ። አባዬ ሬዲዮው ላይ ተደፍቷል።

«ሂራን ዴልጎዳ ክሪኬት ሊያቆም ነው» አለኝ ኋላ። «የመጨረሻውን እዚሁ እኛ ከተማ ይጫወትና በቃ።»

ዓሣው ከእጄ ሊወድቅ። ሂራን ሊያቆም? እና እኔስ? አንድም ቀን ሲመታ ሳላየው?

ለማያውቅ ሰው ያስቃል። በመላው ስሪላንካ፣ ዓይን እያላት ሂራን ሲመታ ያላየች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ለብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈ ቀን ጸጉሬን ታጥቤ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ከማለቴ፣ ኳሷ ከኋላው ያሉትን እንጨቶች በታተነቻቸው። ወጣ። ተራው አበቃ። በሳምንቱም ሳሎን ገባሁ፤ ወጣ። አለቀ! ገደ ቢስ ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ እሱ መምቻውን ይዞ ወደ ሜዳ ሲገባ እኔ ማድቤት እገባለሁ። ኮኮናት እየፈቀፈቅኩ በሰፈሩ ጩኸት እከታተለዋለሁ። ርችት ከተተኮሰ መቶ ነጥብ ሞላ ማለት ነው። ማታ በዜና ቆራርጠው ያሳዩኛል። ያለቀ ነገር ደግሞ ምን ልብ ይሰቅላል?

ጁላይ 10፣ ሐሙስ

ሙሉ ጨረቃ። ነጭ ለብሰን ቤተ መቅደስ ሄድን። ለቡድሃ አበባዬን አኖርኩ። ለራሴ ምንም አልለመንኩም... ውሸት። ለምኛለሁ።

ስንመለስ ለአባዬ አወጣሁት። «አባዬ፣ አንድ ቀን ብቻ። ስታዲየም ባልገባም ሜዳውን ቁልቁል የሚያየው ምሽግ ግንብ ላይ ቆሜ ከሩቅ ልየው።»

መንገድ ላይ ቀጥ አለ። «ሰውዬው በሰላም ይሰናበት እንጂ ኒሉካ! ምን አደረገሽ?»

ምን አደረገሽ! መምቻውን የያዝኩት እኔ ነኝ እንዴ? በዚህ ቅዱስ ቀን ክፉ መናገር ነውር ስለሆነ ብቻ ዋጥኩት።

ጁላይ 17፣ ሐሙስ

ግጥሚያው ተጀመረ። ሂራን ሊገባ ሲል ጎረቤታችን እትዬ ማቲልዳ በመስኮት አንገቷን አስግጋ «ኒሉካ ማድቤት ናት?» አለች።

«ቆልፌባታለሁ!» አለ ወንድሜ ሱጂዋ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ከዚያ ሰፈሩ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ አውቀዋለሁ... ዜሮ። አንድም ሳያስቆጥር ወጣ።

ሱጂዋ እየበረረ ማድቤት መጣ። «አይተሻል አይደል? በስልክ አይተሻል!»

«ስልኬ አንተው ኪስ ውስጥ አይደል እንዴ፣ አንተ ጅል!»

«እንግዲያው አስበሻል።»

አስበሻል! ወይ ጉድ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። ሆድ ባሰኝና አለቀስኩ። ሳላይ የማየት ጥፋቱን ብቻ ተሸክሜ ልቀር ነው? በዚህ የአምስት ቀን ግጥሚያ ሁለቱም ቡድኖች ሁለት ሁለቴ ይመታሉ፤ ለሂራን የቀረው አንዱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ላየው ብልም የለም።

ጁላይ 19፣ ቅዳሜ ጠዋት

አባዬ ሻዩን ይዞ ማድቤት ገባ። አባዬ! ማድቤት!

«ሳስበው አደርኩ» አለኝ። «ሂራን በወጣ ቁጥር ሳሎን ተጎልቶ የነበረው ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ማድቤት ነኝ።»

«እኔ ነኛ! አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። ማን ገደ ቢስ አለኝ?» ሻዩን ብዙ አማሰለ። «በይ ጃንጥላ ያዢ። ቀድመን ካልሄድን ግንቡ ላይ ቦታ አናገኝም።»

ሌላ ቀሚስ ልልበስ ወይስ ይሄው ይበቃል?

ያው ቅዳሜ፣ ከተመለስን በኋላ

ግንቡ ላይ ሰው በሰው ሆኗል። ከኋላችን ባሕሩ፣ ከፊታችን ሜዳው። ሂራን ሲገባ መለከቱ፣ ከበሮው፣ ጩኸቱ... እኔ በልማዴ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

«ግለጪ እንጂ!» አለ አባዬ። «ጉልበቴን ያደከምሽው ለዚህ ነው?»

ገለጥኩ። ውይ... አጭር ነው! በሰፈሩ ጩኸት ልክ ግዙፍ አድርጌው ኖሬያለሁ። ኳሷ ከመምጣቷ በፊት ጓንቱን በጥርሱ ነከስ ያደርጋል። በዜና ይሄን ቆርጠው ያስቀሩታል። አንዷን ኳስ ወደ እኛ በኩል መታት፤ መሬት ለመሬት ሄዳ ማንም ሳይደርስባት ወሰኑን አለፈች። እሰይ! ጮህኩ። እኔ! አጠገቤ ያሉት ዞረው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ቆየ። የሻይ ዕረፍቱም አልፎ ቆየ። ኳሷ ስታመልጠው ልቤ ስንጥቅ፣ ሲመታ ልቤ ሙልት። ለካ ሰው እንዲህ ሆኖ ነው የሚያየው! ከዚያ አንዷ ወደ ላይ ጎነች... ጠርዝ ላይ የቆመ የተጋጣሚ ተጫዋች መሬት ሳትነካ ቀለባት። ወጣ። ከእንግዲህ አይመለስም።

ክው አልኩ። አባዬን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «እኔ ባልመጣ...»

«ዝም በይ! ሰው ነው፤ ይወጣል። አጨብጭቢ ይልቅ!» የእሱ ዓይን እንባ ሞልቷል።

ሂራን ተጫዋቾቹ የሚያርፉበት ጥላ ስር ከመግባቱ በፊት ዞረና መምቻውን ወደ ግንቡ አነሳ። ትኬት ላልቆረጥነው ለእኛ። እጄ እስኪያቃጥለኝ አጨበጨብኩለት። አየሁህ፣ በደንብ አየሁህ፣ ሂድ በሰላም። ማን እየመራ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ቤት ገባሁ።

ጁላይ 26፣ ቅዳሜ

ያለ ሂራን የመጀመሪያው ጨዋታ። ሳሎን፣ ከአባዬ ጎን ተቀመጥኩ። በሂራን ቦታ አንድ ቀጭን ልጅ ተተክቷል፤ የራስ ቁሩ ሰፍቶት እየነቀነቀ ገባ።

እትዬ ማቲልዳ በመስኮት፣ «ኧረ ኒሉካን አስወጡልን! ልጁ ጀማሪ ነው፣ እዘኑለት!»

«እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ» አላት አባዬ።

የመጀመሪያዋ ኳስ መጣች። ልጁ ወጣ።

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሱጂዋ አፉን ሊከፍት ሲል አባዬ በክርኑ ጎሸመው። እኔ ግን አልተነሳሁም።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አልኳቸው። «ፈርቶ ነው፣ ይለምዳል። ቀጣዩ ማነው?»