ለዓለምነሽ የሚፈርም ወንድ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ አቶ አቻምየለህ
የአብሮነት መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ሐርጌሳ

የተከበሩ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለሥራ አስፈጻሚው አባላትም በያሉበት ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ቢሌም ደኅና ነው፤ የጭነት መኪናውን ይዞ በርበራ ከወረደ ዘጠኝ ቀኑ ነው፣ ወደቡ ላይ ወረፋ ይጠብቃል። አንድ ግቢ የምንኖረው ጎረቤቴ ዓለምነሽ ግን ደኅና አይደለችም። ከአምና ጀምሮ የማህፀን እጢ ሲያደማት ቆይቶ በዚህ ወር ባሰባት። ባለፈው ሐሙስ ጅግጅጋ ያር ሰፈር በምታጸዳው ቢሮ ደረጃ ላይ መወልወያዋን እንደያዘች ቁጭ አለች፣ መነሳት አቃታት፣ ሁለት ሴቶች ደግፈው አመጡልን። ሐኪሟ ረቡዕ ጠዋት ኦፕራሲዮን ትሁን፣ ከዚያ በላይ እንዳትቆይ ብላለች። ልጇ ቃልኪዳን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ቀርታ ታስታምማታለች። ሾርባ ትሠራለች፣ ጨው ትረሳለች፣ እናቷም ደግሞ ግጥም አድርጋ ጠጥታ ጣፈጠኝ ትላለች።

እርስዎ ዓለምነሽን ያውቋታል፤ መዝገብዎ ነው የማያውቃት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስለዚህ ጉዳይ ነው። የተማርኩት ድሬዳዋ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝበት እንዲታለፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም እርስዎን ለማሳፈር ሳይሆን፣ ከቅዳሜ ወዲህ ቢሮ ስመጣ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ምናልባት በማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል ሲያልፉ ዓይንዎ ቢያርፍበት ብዬ ነው።

ነገሩ አጭር ነው። ሆስፒታሉ ሴት ልጅ ኦፕራሲዮን ስትሆን ባል፣ አባት ወይም ወንድም ይፈርምላት ይላል። የተጻፈ ሕግ ይሁን ልማድ አላውቅም፣ እዚህ ስንኖር ለምደነዋል። የዓለምነሽ አባት ሞተዋል። ወንድሟ ኮምቦልቻ ነው፣ ፓስፖርት የለውም። ባሏ ቸርነት ከሦስት ዓመት በፊት ባሕር እሻገራለሁ ብሎ ወደ ቦሳሶ ሄደ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ የለም። ቢሌ እዚህ ቢሆን ኖሮ ሄዶ ባሏ ነኝ ብሎ ይፈርም ነበር፤ እኔም ለአንድ ቀን እፈቅድለት ነበር። ዘመድ ከሌለ ደግሞ የታወቀ ማኅበር «በቤተሰብ ቦታ ሆነን ኃላፊነት እንወስዳለን» ብሎ ማኅተም ቢያደርግበት ሆስፒታሉ ይቀበላል። ማኅበራችን ይህን ደብዳቤ እኔ እስከማውቀው ለአሥራ አንድ ሴቶች ጽፏል። ቁጥሩን የማውቀው አሥራ አንዱንም ከቢሮዎ ተቀብላ፣ ሴቶቹን ይዛ ሆስፒታል ሄዳ፣ ሐኪሙ የሚለውን በአማርኛ፣ እነሱ የሚሉትን በሶማሊኛ ስታስረዳ የዋለችው ዓለምነሽ ስለሆነች ነው። እኔም ከአሥራ አንዱ አንዷ ነኝ፤ የትርፍ አንጀቴ ጊዜ ቢሌ ድንበሩ ላይ ዋጃሌ ከተማ ነበር።

ስለዚህ ለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጋአን ሊባህ ሰፈር ቢሮዎ ስመጣ ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ በክብር አስቀመጡኝና ሥራ አስፈጻሚው የሚሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ መሆኑን ገለጹልኝ። የመጀመሪያው ዓርብ አልፏል። የሚቀጥለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ደም እየፈሰሳት ነው ብዬ ስነግርዎ «አላህ ይማራት፣ እግዚአብሔርም ይማራት» ብለው ለሁለታችንም እምነት አሰቡልን። ይህን የመሰለ አስተዋይነት በሁሉም መሥሪያ ቤት አይገኝም።

2ኛ. መዝገቡን በገዛ እጅዎ ገልጠው ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ቤት ቁጥር ስድሳ ሦስት፦ አባወራ ቸርነት፣ ሚስት አንድ፣ ልጅ አንድ። ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አባወራው እስኪቀርብ ታግዷል» ይላል። ደብዳቤ እንዲጻፍ የሚጠይቀው አባወራው ነው አሉኝ። አባወራው ስለሌለ እኮ ነው ደብዳቤ የምንጠይቀው አልኩ። ቤቱ የታገደውም በዚሁ ምክንያት ነው አሉኝ። ይህንን መልስ ሚኒባስ ውስጥ ሳገላብጠው ሳገላብጠው የምወርድበትን አልፌ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ደረስኩ። ረዳቱ እንደ አክስቱ ቆጥሮ «ሀቦ፣ የት ልትወርጂ ነበር?» ሲለኝ እኔም አላወቅሁትም። በዚያው የራሴንም ገጽ ማየቴ አልቀረም፤ ቤት ቁጥር አርባ አንድ፣ ቢሌ፣ ሚስት አንድ። ግማሽ ስላልተባልኩ ደስ ብሎኛል።

3ኛ. መፍትሔ ሳይሰጡኝ አላሰናበቱኝም፣ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ወይ ቸርነት መስማማቱን ጽፎ ይላክ፣ ወይ መሞቱን የሚገልጽ ወረቀት ትምጣ፤ የሞት ወረቀቱ ከመጣ ዓለምነሽ በራሷ ስም ትመዘገባለች፣ ያኔ ዓርብን ሳንጠብቅ በአንድ ቀን ይጻፋል አሉኝ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ መልእክቱን እንዳለ ተሸክሜ ሄጄ ነገርኳት። ትራሷን ደገፍ አድርጌላት ነበር። ሰማችኝና «ካልሞተስ?» አለችኝ። «ኸድራ፣ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህች ልጅ አባትሽ አልሞተም ስላት ነው የኖርኩት። አሁን ለማኅተም ብዬ ልግደለው?» አለችኝ። ቃልኪዳን በሩ አጠገብ ነበረች። ወጥታ የታጠበውን ድስት እንደገና ስታጥብ ሰማናት፣ ብዙ ሰዓት አጠበችው።

ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ የሚያመሰግን ቃል አልመጣልኝም። ወደ ቀጣዩ ልለፍ።

4ኛ. ባለፈው ዓመት በሆቴሉ አዳራሽ ስላዘጋጁልን የሦስት ቀን ስልጠና አሁንም አመሰግናለሁ። አሰልጣኙ የሰውን ማኅበረሰብ የሚቀርጹት ሦስት ነገሮች፣ ሰዎች፣ ተቋማትና አስተሳሰቦች ናቸው ሲሉ ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማኅበራችን ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳስብ ከረምኩ። ሰው እንዳልለው በሽተኛ አይጠይቅም። ተቋም እንዳልለው በወር አንድ ቀን ነው የሚከፈተው። ምናልባት አስተሳሰብ ይሆናል። ከጀርባዎ የተሰቀለው ጨርቅ ላይ «ሴት የማኅበረሰባችን ምሰሶ ናት» ተብሎ ተጽፎ ነበር፣ እዚያው ሥር ነው ሰርተፊኬት የሰጡኝ። የእኔው ላይ «ወይዘሮ ቢሌ» ይላል። ቢሌ እያየው ይስቃል፣ ሳሎን ስቀዪው ይለኛል። ለሶማሊኛ ተናጋሪ እንግዶቹ ሦስቱን ቀን በሙሉ ቆማ ያስተረጎመችው ዓለምነሽ ግን ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለም ተብሎ ሳይሰጣት ቀረ። «እኔ የቆምኩት ለወረቀቱ መሰለሽ?» ብላኝ ነው የተመለስነው።

አምስተኛው ሆነ መሰለኝ። እሑድ ከሰዓት የማኅበሩ ጸሐፊ ወንድማችን ኢርፋን የግቢያችንን በር አንኳኳ። ደብዳቤው ነው ብዬ በእጄ ላይ የነበረውን ሊጥ እንኳ ሳልታጠብ ሮጥኩ። ለካ የመጣው በሚመጣው ቅዳሜ ለባህል ቀን ከአካባቢው አስተዳደር እንግዶች ስለሚገኙ፣ ዓለምነሽ የሀገር ልብሷን ለብሳ እንድታስተረጉም ሊቀመንበሩ በአክብሮት ጋብዘዋታል ሊል ነው። «እንደ እሷ ሶማሊኛውን አጣፍጦ የሚናገር የለም ብለዋል» አለ፣ ክፍሏ ገብቶ እሷ የተኛችበትን ፍራሽ እያየ። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እሺ፣ መቆም ከቻልኩ» አለች። ከልቧ ነው፤ እሷ እንደዚህ ናት። ልጁን እስከ በር ሸኘሁት። ፊቱ ቀልቶ «እቴ ኸድራ፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ የሚነግሩኝን ነው የምጽፈው» አለኝ። «እንግዲያው ዛሬ እኔ ልንገርህ፣ ጻፍ» አልኩት። የነገርኩትን ጽፎ እንደሆነ አላውቅም፤ ካልጻፈው በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ለስለስ ብሎ ያገኙታል።

የተከበሩ ሊቀመንበር፣ እኔ ደንብ እንዲፈርስ አልጠይቅም። ደንብ የሌለው ማኅበር የትም እንደማይደርስ በስልጠናው ተምሬያለሁ። የምጠይቀው ሦስት መስመር ጽሑፍና አንድ ማኅተም ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት። ማኅተሙ በመሳቢያዎ ውስጥ መሆኑን፣ መሳቢያውም እንደማይቆለፍ ቅዳሜ ዕለት አይቻለሁ። ጉባኤው ሲሰበሰብ ደግሞ ቢፈቅድ፣ ከአባወራው ስም ሥር «ሚስት አንድ» በሚለው ቦታ ላይ ስማችን ይጻፍልን። ረጅም ስም ያለን ሴቶች ጥቂት ነን፣ ከመስመሩ አንወጣም። አሁን ግን ስሙንም ተዉት። ይህች ሴት ረቡዕ ጠዋት ሆስፒታል በር ላይ ደርሳ የሚፈርምልሽ አምጪ ተብላ እንዳትመለስ ነው የፈራሁት። ከሐሙስ ወዲህ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር አልጨረስኩም። ሱቄን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እሷ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ስልኬን አያለሁ። ይህንንም ደብዳቤ አራት ጊዜ ተነስቼ ነው የጻፍኩት።

የማኅበሩን የሥራ ሂደት በጥያቄዬ ያወክሁ እንደሆነ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ወንበሩ ስለተመቸኝ አሁንም እያመሰገንኩ፣ ሥራ አስፈጻሚው ለሚቀጥለው የመጀመሪያ ዓርብ በሙሉ ጤንነትና በሙሉ ቁጥር እንዲደርስ በሙሉ ልቤ እየጸለይኩ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ኸድራ
በመዝገብዎ፦ ቤት ቁጥር አርባ አንድ፣ ሚስት አንድ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለማኅበሩ የዋትስአፕ ግሩፕ
ለአሥራ አንዱ ሴቶች

ተጨማሪ ማስታወሻ። ከላይ ያለውን የጻፍኩት ሰኞ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልለጥፈው ስወጣ፣ ሁላችንም አዴር፣ አጎቴ እንደማለት፣ የምንላቸው አከራያችን ሽማግሌው ሮብሌ ግቢው በር ላይ አገኙኝ። ሳምንቱን ገቢሌይ እርሻቸው ላይ ነበሩ፣ የተመለሱት ትናንት ነው። አማርኛውን የለመዱት በስደቱ ዘመን ጅግጅጋ በኩል ሲኖሩ ነው፤ ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። ነገሩን ከቃልኪዳን ሰምተው ማንንም ሳያማክሩ በጠዋት ሆስፒታል ሄደው ኖሯል። እርስዎ እንዳይቸገሩ፣ ማኅተሙም ከመሳቢያው እንዳይንቀሳቀስ ያሉኝን እንዳሉኝ ልጻፍልዎ። በትራቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉኝ፦

«ፈርሜያለሁ። እዚያ የሚጽፈው ሰውዬ ምንህ ናት አለኝ። ጎረቤቴ አልኩት። ጎረቤት አይፈርምም አለኝ። እሺ፣ ስሟን ጻፍ አልኩት። ዓለምነሽ ስለው ብዕሩን አቆመ። ሴቶቹን ይዛ የምትመጣው ዓለምነሽ ናት ወይ አለኝ። አዎ፣ እሷ ናት አልኩት። እኔ ምንም አልጨመርኩም፣ ወላሂ። እሱ ራሱ ወንድም ብሎ ጻፈ።»