ሱንዱስ በሸበጥ የተከተለችኝ ቀን

ልጄ ኢፍራህ፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ይሁንሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የድሬ ሙቀት ብቻ እንደምታውቂው ነው።

ሐኪሙ «እናቴ፣ ስኳርሽ ካልወረደ መርፌ ትጀምሪያለሽ» ማለቱን ደብቄሽ ነበር። ታይዋን ገበያ ውስጥ ጫማ የሚሸጠው ካሂን ሳቢያን ሰፈር የሴቶች የሩጫ ቡድን እንዳለ ነገረኝና ተመዘገብኩ። በመጀመሪያው ቀን ከሱብሂ ሰላት በኋላ ረፍዶብኝ ከቤት እየሮጥኩ ወጣሁ። ጎረቤታችን ሱንዱስ አየችኝና ሰው የሞተ መስሏት በሸበጥ ተከተለችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ማን ሞተ?» እያለች ቡድኑ የሚሮጥበት ሜዳ ድረስ መጣች! «ማንም እንዳይሞት ነው የምሮጠው» አልኳት። ስቃ ስቃ እሷም ተመዘገበች።

አሁን ሦስተኛ ወራችን ነው። በጅልባቤ ሜዳውን ስድስት ጊዜ ሳላርፍ እዞራለሁ፤ እናትሽን ቀላል ሰው አታድርጊያት! ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ውጤቴን አይቶ «መርፌው ይቅር» አለኝ።

የእጅሽን ሥራ አላህ ይባርክልሽ። ሱንዱስ ግን ዛሬም በሸበጥ ነው የምትሮጠው፤ ቁጥሯ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፣ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ የሩጫ ጫማ ላኪላት። ጠዋት ደውለሽ ካላነሳሁ አትደንግጪ፤ ማንም አልሞተም፣ እየሮጥኩ ነው።

እናትሽ ፋዱማ